ከእንጦጦ ሥር ወደ አራብሳ፦ የምትወዱትን ቦታ ለቅቃችሁ ስትሄዱ

አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ጥልፍ እሠራለሁ። ቤታችን ከገበያው በላይ፣ ዳገቱ ጠንከር በሚልበት በኩል ነበር። ከጓሯችን የሚነሳ ቀጭን የእግር መንገድ ነበር። በምንጯ በኩል አድርጎ ባሕር ዛፉ ውስጥ ያስገባል። አምና ታጠረ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ለልማት ሊነሳ ነው ተባለ፤ ለእኛም በከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሰን።

ስለ ካሳና ስለ ቆጣሪ የሚመክር ሰው ሞልቷል። «ጫካውንስ እንዴት አድርጌ ልተወው?» ብትሉ ግን ወይ ይስቁባችኋል፣ ወይ «ቤት ማግኘትሽን አመስግኚ» ይሏችኋል። አመስግኛለሁ። ይሄ ጽሑፍ ስለ ሌላኛው ጉዳይ ነው።

ዋናው ምክሬ አንድ ነው። ሶፋና አልጋ በፈለጋችሁት ቀን ይጫናል፤ ከቦታው የምትወስዱት ነገር ግን ወቅት አለው። ቁርጡ ቀን እስኪነገራችሁ ከጠበቃችሁ ዘሩ ረግፏል፣ ክረምቱ አልፏል፣ አካባቢውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከእናንተ ቀድመው ወደየልጆቻቸው ሄደዋል። ስለዚህ ወሬው እንደተሰማ ጀምሩ። ወሬው ውሸት ሆኖ ቢቀር ምን ትከስራላችሁ? ትንሽ ዳማከሴ ይተርፋችኋል፣ በቃ።

«ዝግ ነው» ሲሏችሁ

ጥበቃ «ዝግ ነው» ካለ ጨዋታው አለቀ ማለት አይደለም። ጥበቃው የሚያውቀው የቆመበትን በር ነው። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተዘጋው ሁሉም ነው ወይስ በዚህ በኩል ብቻ? ለሁልጊዜ ነው ወይስ ሥራው እስኪያልቅ? ሌላ መግቢያ አለ ወይ? መልሱን ከጥበቃው ካጣችሁ ወረዳ ሂዱ። ብቻችሁን ሳይሆን በዕድሩ ስም ሂዱ። አንድ ሰው ሲሄድ «ነገ ተመለሺ» ይባላል፤ የዕድር ዳኛ ከሦስት እናቶች ጋር ሲገባ ግን ወንበር ይሳባል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፣ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ የእናንተ ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበት ቀንና ቁጥር ይጻፍበት። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ጠፋ ቢባል ማስረጃ የላችሁም።

ስትጠይቁም የምትፈልጉትን ነገር አጥብቡት። «ጫካችንን መልሱልን» ማንም አይፈርምበትም። «ወደ ጠበሉ የሚወስደው መተላለፊያ ጠዋት ጠዋት ይከፈትልን» ቢያንስ ውይይት አለው። እኛ ጠይቀን አልተሳካልንም። ሌላ ሰፈር የተሳካላቸው ስላሉ ግን ሞክሩ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያችሁን በቢሮ ደጃፍ አትጨርሱ። ክረምቱ አይጠብቃችሁም።

እዚህ ላይ አንድ ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ያጣችሁት ምን እንደሆነ በትክክል ለዩ። እንጦጦ እንደሆነ አልጠፋም። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ተከፍቶ ከመላው ከተማ ሰው ይመጣበታል። ማርያምም ራጉኤልም ኪዳነ ምሕረትም ቦታቸው ላይ ናቸው። አስፋልቱም ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ እላይ ድረስ ይወጣል። እኔ ያጣሁት ተራራውን አይደለም። ቁርስ ሳልቀምስ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ፣ ማንንም ሳልጠይቅ በጓሮ መውጣቱን ነው። ይሄን ስለይ የምፈልገው ነገር ተለወጠ። አራብሳ ሄጄ ሌላ እንጦጦ መፈለግ አያስፈልገኝም፤ ከቤቴ በእግሬ የምደርስበት ጸጥ ያለ ቦታ ከተገኘ ይበቃኛል። እናንተም ጠይቁ። የናፈቃችሁ ውኃው ነው? ብቻችሁን መሆኑ ነው? ወይስ አብሯችሁ የሚወጣው ሰው? እያንዳንዱ መፍትሔው ይለያያል።

በነገራችን ላይ ከእንጦጦ መውረድ በእኛ አልተጀመረም። ምኒልክና ጣይቱ ራሳቸው እዚያ ብርድ ላይ ከተማ ቆርቁረው ነበር። ወደ ፍል ውኃው ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተባለችው ከዚያ በኋላ ነው። ብርዱና የማገዶ እጥረቱ አስመርሯቸው ነበር። «የጥንት ጫካ» እያልን የምናለቅስለት ባሕር ዛፍም በዚያው ዘመን ማገዶ ሲጠፋ ከውጭ የመጣ ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው። የጥንቱ ጫካ ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው ነበር። ይሄን ያወቅሁት አርጅቼ ነው፤ ፍቅሬን ግን አልቀነሰውም።

ከጓሮ የሚወሰድና የማይወሰድ

ከታጠረው ቦታ ችግኝ አትንቀሉ። ክልክል ነው። ባይከለከልም አይጠቅማችሁም። ጫካ ውስጥ በራሱ የበቀለ የጽድ ወይም የወይራ ችግኝ ዋና ሥሩ ወደታች የሄደ ነው። ስትነቅሉት ይበጠሳል፣ ሁለት ሳምንት አረንጓዴ መስሎ ይቆይና ይደርቃል። አገር በቀል ዛፍ ከፈለጋችሁ ከችግኝ ጣቢያ በፕላስቲክ ያደገውን ግዙ። ዛፎቹን በመልክ ለመለየት ደግሞ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄዳችሁ ዞር ዞር በሉ፤ አገር በቀሎቹ ተሰብስበው የሚጠበቁበት ነው።

የምትወስዱት የጓሯችሁንና የጎረቤታችሁን ነው። ምርጡ ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቁራጭ ቅርንጫፍ ሥር እስኪያወጣ አይደርቅም። በበጋ ከሆነ መነሻችሁ፣ ቢያንስ ወር ተኩል ቀድማችሁ ጀምሩና ጥላ ሥር አቆዩት።

ዳማከሴን እንዴት እንደማባዛ ላሳያችሁ፤ ሌላውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ አበባ ያላወጣ ቅርንጫፍ ምረጡ። እንደ እርሳስ የወፈረ፣ በጣት ሲጫኑት ለስለስ የሚል ግን የማይሰበር ይሁን። ርዝመቱ ስንዝር ይበቃል። በተሳለ ቢላ ከአንጓው ዝቅ አድርጋችሁ በሰያፍ ቁረጡ፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓው ነው። መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋልና ይቅርባችሁ። የታችኞቹን ቅጠሎች ሁሉ ልቀሙ፣ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ተዉ። ትልልቅ ከሆኑ እነሱንም በግማሽ ቁረጧቸው፤ ቅጠል ሲበዛ ውኃ ይጨርሳል። የለቀማችሁትን አትጣሉ። አሽታችሁ ብታሸቱት እጃችሁ ቀኑን ሙሉ ይሸታል፣ ምች የመታው ጎረቤትም አይጠፋም።

ባለአምስት ሊትሩን የዘይት ጀሪካን አንገቱ ላይ ቆርጣችሁ ታቹን በጋለ ምስማር አራት አምስት ቦታ ብሱት። አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ የጓሮ አፈር ቀላቅሉ። አፈሩ ሲጨበጥ ተያይዞ፣ ሲለቀቅ የሚፈርስ መሆን አለበት። ሁለት አንጓ እስኪቀበር ድረስ ትከሉ፣ ዙሪያውን በጣት ጠቅጠቅ አድርጉ፣ አጠጡ። ከላይ ግልጽ ፊስታል አልብሱና በቀን አንዴ ገለጥ አድርጉለት፤ ካልተናፈሰ ይሻግታል። ሥር መያዙን ለማወቅ እየጎተታችሁ አትዩ። አዲስ ቅጠል ከጫፉ ሲያቆጠቁጥ ያዘ ማለት ነው።

ኮሰረትና ጤና አዳምም በዚሁ መንገድ ይባዛሉ። ጤና አዳም ግን ውኃ ከበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል፣ አሸዋውን ጨምሩለት። ጠጅ ሳር ቀላል ነው፦ ከነሥሩ ገንጥሎ መትከል ብቻ። በሶብላ በዘር ነው የሚወሰደው፤ የደረቀውን ራስ ቆርጣችሁ በወረቀት ጠቅልሉ፣ ፊስታል ውስጥ እንዳታስቀምጡት። ጌሾ ላላችሁ ፍሬውን ውሰዱ፣ ግንዱን ተዉት። ጦስኝ ወዳጅ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ጦስኝ ደጋና ፀሐይ ይወዳል። ጥላ የሆነ በረንዳ ላይ አስቀምጣችሁት ሲጠወልግ «እጄ አይባርክም» እንዳትሉ። ቦታው ነው።

ሁሉንም ከሁለት ሁለት በላይ አድርጉ። አንዱ በመንገድ ይሰበራል፣ አንዱን ሰው ይለምናችኋል።

የቦታውን ስም ያዙ

ቦታውን መውሰድ አይቻልም። ስሞቹን ግን ይቻላል። ለዚህ ደግሞ ከእናንተ የሚበልጥ ሰው ያስፈልጋል።

ጎረቤቴ እማማ በወጣትነታቸው ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። እኔ «መንገዱ» የምለው ለእሳቸው አምስት ስድስት የተለያየ ቦታ ነው፦ ሸክም የሚያሳርፉበት ድንጋይ፣ ጥበቃ ሲመጣ የሚደበቁበት ገደል፣ ዝናብ የማያስገባው ወይራ። እያንዳንዱ ስም አለው። የትኛውም ካርታ ላይ ግን የለም።

እኔ እንዲህ አደረግሁ። ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። «እማማ፣ ከቤትዎ ተነስተው እስከ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ ምን ያገኛሉ?» አልኳቸው። ስልኬን ረከቦቱ ሥር አድርጌ ድምፅ እየቀዳሁ ነበር። በእርግጥ አስፈቅጃለሁ። «ቅጂ፣ ምን ቸገረኝ፤ ስድቤን ግን አውጪው» ብለውኛል። «ስለ ድሮው ይንገሩኝ» ብትሉ አጭር ይሆናል፣ ወይ ወደ ፖለቲካ ይሄዳል። መንገዱን በእግራቸው እንደሚሄዱ አድርጋችሁ ከጠየቃችሁ ግን ነገሩ ራሱ እየተፈታ ይመጣል። እንጨቱን በምን ገመድ እንደሚያስሩ፣ ቁልቁለቱን በየት በኩል እንደሚወርዱ፣ ማን የት ወድቃ እግሯ እንደተሰበረ። ሦስተኛው ቡና ላይ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ለማን ነው?» አሉኝ። ለልጅ ልጆችዎ ነው ስላቸው «እነሱማ ተራራ የሚወጡት ለፎቶ ነው» ብለው ሳቁ። ይሄም ተቀድቷል።

የተቀዳውን በዚያው ሳምንት በደብተር ጻፉት። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባዋል። ቀለል ያለ ንድፍም ሳሉ፤ ምንጯን፣ ድንጋዩን፣ ዛፎቹን ምልክት አድርጉ። መልኩ ቢያስቅ ግድ የለም።

ድምፁንም ቅዱ። ጎህ ሲቀድ ጋጋኖዎች ሲንጫጩ፣ ሌሊት ጅብ ሲጮህ፣ ቆርቆሮው ላይ የባሕር ዛፍ ፍሬ ጠብ ጠብ ሲል። ስልኩን መስኮት ላይ አስቀምጡና ከአጠገቡ ዞር በሉ፤ በእጅ ከያዛችሁት የጣታችሁ ኮሽታ ይገባበታል። ፎቶ ላይ ብዙ አትድከሙ። የጫካ ፎቶ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ በኋላ የት እንደሆነ ራሳችሁም አትለዩትም። ሰው ያለበትን አንሱ።

ልጆች ካሏችሁ «ተዘግቷል» ብሎ ዝም ማለት ጥሩ አይደለም። አጥሩ ድረስ ውሰዷቸውና አሳዩአቸው። የኔ ትንሿ አጥሩን አይታ «ወፎቹስ እንዴት ይገባሉ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባት።

ዕቃ ሳትጭኑ አዲሱን ቦታ በእግር እዩት

ብዙ ሰው አዲሱን ቤት ሲያይ ቧንቧውን፣ በሩንና ግድግዳውን አይቶ ይመለሳል። እናንተ አንድ ሙሉ ጠዋት ስጡት። ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች? በረንዳው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት የሚሞቀው? የጠዋት ፀሐይ ያለበት በረንዳ ለዳማከሴም ለእናንተም ይሻላል። ንፋሱንም አስቡ። አራብሳ ገላጣ ሜዳ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ንፋሱ ጀሪካን ይጥላል። ተክሉን ከበረንዳው ብረት ጋር በሽቦ እሰሩት፤ ታች የሚሄድ ሰው አለ።

ቀጥሎ አፈሩን እዩ። ከእንጦጦ ሥር ቀይ አፈር የለመደ ሰው እዚያ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ጫማ ይጎትታል፣ ውኃ ያቁራል። በበጋ ይሰነጠቅና ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ዋልካ ላይ በቀጥታ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል ሥሩን ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። መደብ ከፍ አድርጋችሁ፣ አሸዋና ብስባሽ ቀላቅላችሁ፣ ዙሪያውን ቦይ አውጥታችሁ ትከሉ። ከድሮው ጓሮ አንድ ሁለት ጆንያ አፈር ጭናችሁ መሄድም ይቻላል። ጫኞቹ ይስቃሉ፣ ይሳቁ።

ከዚያ ከግቢ ውጡና በእግር ሂዱ። ከሕንፃዎቹ ጀርባ ምን አለ? ወንዝ፣ ማሳ፣ ቤተ ክርስቲያን? የአዲስ አበባ ሰው ያልተነካ ጽድና ወይራ ማየት ከፈለገ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይሂድ፤ ከየትኛውም ሰፈር ይሄ ይሠራል። ከአራብሳ በኩል በጠራ ቀን የረር ተራራ በደንብ ይታያል። ወዲያው አትወዱትም። መጀመሪያ ሳየው «ይሄም ተራራ ሆኖ» ብዬ ነበር። አሁን ደመና ሲጠመጥም ዝናቡ ወደኛ ይምጣ አይምጣ እገምታለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሸውደኛል።

የዘወትር መንገዳችሁን ከመግባታችሁ በፊት ምረጡ። ከገባችሁ በኋላ መጋረጃ፣ ቆጣሪ፣ የውኃ ፈረቃ ይወስዳችሁና ስድስት ወር ከቤት ሳትወጡ ያልፋል።

ወረቀቱና ጭነቱ

ይሄን አጭር አደርገዋለሁ። ከድሮው ወረዳ መሸኛ ሳታወጡ አትሂዱ፤ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ፋይል ማስፈለግ ሌላ ጣጣ ነው። ዕድራችሁን አትልቀቁ። አዲሱ ሰፈር ዕድር ቢኖርም መግቢያ አለው፣ ሰው መተዋወቅ አለበት። እስከዚያ የድሮውን መክፈል ይሻላል፤ የተበተነውን ጎረቤት በየወሩ የሚያገናኘውም እሱ ነው።

አይሱዙ ስትከራዩ የጫኝና አውራጅ ዋጋ ተለይቶ ይነገር። ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ዕቃው መኪና ላይ እያለ ዋጋ መከራከር ለእናንተ ጥሩ አይደለም። ቀድማችሁ ሂዱና ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ነግራችሁ ተስማሙ።

ተክሎቹን ከመጫናችሁ በፊት ማታ አጠጡ፣ ጠዋት አታጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከብዶ ጀሪካኑን ይቀደዋል። መጨረሻ ይጫኑ፣ መጀመሪያ ይውረዱ። እርጥብ ጆንያ አልብሷቸው፤ አይሱዙ ላይ የሚያደርቀው ከፀሐዩ ይልቅ ንፋሱ ነው። ደርሳችሁ ወዲያው ፀሐይ ላይ አታውጧቸው። ደረጃው ሥር ጥላ ላይ ሳምንት ይቆዩ።

ከገባችሁ በኋላ

ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ለመጠጥ ያጠራቀማችሁትን ለተክል አታፍስሱ። የምስርና የጎመን እጣቢ በቂ ነው። ጨው ያለበትን ግን አትስጧቸው።

ሕንፃው ሥር ያለው ባዶ መሬት የጋራ ነው። ዝም ብላችሁ ከቆፈራችሁ ጠብ ነው፦ አንዱ መኪና ማቆሚያ፣ አንዱ ልብስ ማስጫ፣ ሌላው በግ ማሠሪያ አስቦታል። ኮሚቴውን ጠይቁ። ስትጠይቁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ሥር የያዘ ጤና አዳም በጣሳ ይዛችሁ ሂዱ። ኮሚቴው ውስጥ ቡና የማይጠጣ አይኖርም። እኛ ብሎክ የተፈቀደልን ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ያለው ጠባብ ቦታ ነው። ያም ሆኖ ቦታ ነው። ግራር እዚያ ዋልካ ላይ ሲያድግ ስላየሁ እሱን መርጫለሁ፤ ክረምቱ ሲገባ ይተከላል።

ወደ ድሮው ቦታ መቼ ትመለሱ? መፍረሱን ለማየት አትሂዱ። የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ፣ ሳምንት አልተኙም። ምክንያት ያለው ቀን ምረጡ። የራጉኤል ንግሥ መስከረም 1 ነው፣ የኪዳነ ምሕረት የካቲት 16። በእነዚህ ቀናት ተበትኖ የነበረው የሰፈር ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ሳትቀጣጠሩ ትገናኛላችሁ። እማማ አሁን ጀሞ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። የምንገናኘው እንዲሁ በንግሥ ነው። ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ ነው ጉዞው። በንግሥ ቀን ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ። ለጠበል ጀሪካን ያዙ። መልሱን ደግሞ ከሰዓት 9 ሰዓት ሳያልፍ ጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ መገናኛ ላይ የአራብሳ ታክሲ ማግኘት ራሱን የቻለ ተራራ መውጣት ነው።